የብሎን ራስ ለምን ዓይነቱ በዛ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዚህ ዓምድ አዘጋጆች፤ በአዳማ ከተማ ከችፑድና ከኤምዲኤፍ ቁምሳጥን፣ የወጥ ቤት መደርደሪያና የቢሮ ጠረጴዛ የምንሠራ ባልደረቦች ነን። አንድ ቁምሳጥን ገጣጥመን እስክንጨርስ ድረስ ሁለት ዓይነት ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን የኤል ቅርጽ መፍቻና አንዳንዴም ኮከብ የመሰለ ቢት (ድሪል ላይ የሚሰካ የካቻቪቴ ጫፍ) እንቀያይራለን። የብሎኖቹም ራስ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ጉብ ያለ፣ አንዱ ከነሮንዴላው የመጣ ነው። የሁሉም ሥራ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማሰር ከሆነ አንድ ዓይነት ራስ ለምን አይበቃም? ከመካከላችን አንዱ፣ ነገሩ ሁሉ ተጨማሪ መሣሪያ ለማስገዛት የተፈጠረ የነጋዴ ዘዴ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ያለ ምክንያት እንዲህ አይበዛም እላለሁ። ብታስረዱን ደስ ይለናል።
የቤት ዕቃ ሠራተኛ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ የእርስዎም የባልደረባዎም አስተያየት የእውነት ድርሻ አለው፤ የእርስዎ ድርሻ ግን ይበልጣል። የብሎን ራስ የሚቀረጸው ብሎኑን ማን እንደሚያጠብቀው፣ በምን መሣሪያ እንደሚያጠብቀው፣ ስንት ጊዜ ተፈትቶ እንደሚታሰርና ምን ላይ እንደሚያርፍ ታስቦ ነው። እነዚህ ነገሮች ከሥራ ሥራ ስለሚለያዩ ራሱም አብሮ ይለያያል። ሰው እንዳይፈታቸው ሲባል የተሠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ስለ እነርሱም ወደ በኋላ እመለሳለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ልብ ይበሉልኝ።

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ እነርሱን መለየት የመልሱ ግማሽ ነው። አንደኛው የራሱ የውጭ ቅርጽ ሲሆን ብሎኑ የሚይዘውን ነገር በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚጫነው የሚወስነው እርሱ ነው። ሁለተኛው በራሱ ላይ ያለው የመፍቻ መግቢያ፣ ማለትም ስንጥቁ፣ መስቀሉ፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ወይም ኮከቡ ነው፤ ይህ ደግሞ የእጃችን ወይም የድሪሉ ኃይል ወደ ብሎኑ እንዴት እንደሚተላለፍ ይወስናል። አንድ ዓይነት የውጭ ቅርጽ ብዙ ዓይነት መግቢያ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ዓይነት መግቢያም በብዙ ዓይነት ራስ ላይ ይገኛል። ገበያ ላይ የምናየው ብዛት በከፊል የመጣው ከእነዚህ ሁለቱ መባዛት ነው።

ከውጭ ቅርጹ ልጀምር። በበር ማጠፊያ ላይ የሚገባው ብሎን ራሱ ከላይ ጠፍጣፋ፣ ከታች ደግሞ እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ በማጠፊያው ቀዳዳ አፍ ላይ በተሠራው ሾጣጣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ከብረቱ ገጽ ጋር እኩል ይሆናል። ጉብ ያለ ራስ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ የማጠፊያ ክንፎች ሊገጥሙ፣ በሩም ሊዘጋ ባልቻለ ነበር። ሾጣጣው ራስ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሲጠብቅ ራሱን ወደ ቀዳዳው መሐል እየሳበ ስለሚገባ ማጠፊያውን በቦታው ያስተካክለዋል። ጉዳቱም ከዚያው ከሾጣጣነቱ የሚመጣ ነው፤ ጉድጓድ ሳይዘጋጅለት በቀጥታ ወደ ችፑድ ሲነዳ ዙሪያውን ወደ ጎን እየገፋ የላሚኔቱን ጠርዝ ያነሣል፣ ወደ ጫፍ የቀረበ ከሆነም ሰሌዳውን ይሰነጥቃል። የሾጣጣው ማዕዘን በሚሊሜትር በሚለኩ ብሎኖች 90 ዲግሪ፣ በአሜሪካ የኢንች ሥርዓት 82 ዲግሪ ነው፤ በአውሮፕላን ሥራ ደግሞ የሚታሰረው ላሜራ ቀጭን በመሆኑና ጥልቅ ጉድጓድ ስለማይችል አፉ ይበልጥ የሰፋ፣ ጥልቀቱ ያነሰ የ100 ዲግሪ ራስ የተለመደ ነው። የራሱና የጉድጓዱ ማዕዘን ካልተጣጣመ ሁለቱ የሚነካኩት በቀጭን ቀለበት ላይ ብቻ ስለሚሆን ሸክሙ ሁሉ እዚያ ላይ ይወድቃል።

ታቹ ጠፍጣፋ፣ ላዩ ጉብ ያለው ራስ በተቃራኒው ወደ ጎን የሚገፋው ነገር የለም፤ ወደ ታች ብቻ ይጫናል። ስለዚህ ቀጭን ላሜራን፣ ፕላስቲክንና የመሳቢያ ሐዲድን ለማሰር የተሻለው እርሱ ነው። የመሳቢያ ሐዲድ ላይ ሞላላ ቀዳዳዎች እንዳሉ ያውቃሉ፤ ሐዲዱን ጥቂት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንሸራትቶ ለማስተካከል የሚቻለው ጠፍጣፋ ታች ያለው ብሎን ሲገባባቸው ነው፤ ሾጣጣ ራስ ከገባ ግን ወደ ራሱ ማዕከል ስለሚጎትት የተስተካከለውን ያዛባዋል። ለጂፕሰም ቦርድ የሚሠራው ብሎን ደግሞ የራሱ ታች እንደ ሾጣጣው ቀጥ ብሎ ሳይሆን በቀስታ እየታጠፈ የሚሰፋ ነው፤ የጂፕሰም ቦርድ ጥንካሬው አብዛኛው በወረቀቱ ላይ ስለሆነ ራሱ ወረቀቱን ሳይቀድ ወደ ውስጥ አጉብጦት እንዲቀመጥ ታስቦ ነው። ለቆርቆሮ ጣሪያ የሚውለው ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ ብሎንም ከሥሩ ጎማ ያለበት ሮንዴላ ይዞ ይመጣል። የአዳማ ፀሐይ ቀን ቀን ቆርቆሮውን ያሰፋዋል፣ ሌሊት ደግሞ ይኮማተራል፤ ጎማው ይህን እንቅስቃሴ እየቻለ ዝናቡን ከቀዳዳው ይከለክላል። ከመጠን በላይ የተጠበቀ እንደሆነ ግን ጎማው ወደ ዳር ይወጣና ጣሪያው ማፍሰስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ጎማው በጥቂቱ ብቻ ሲያብጥ ማቆም ያስፈልጋል።

ወደ መግቢያው ስንመጣ ታሪኩን ሳይነኩ ምክንያቱን ማስረዳት ያስቸግራል። ቀጥ ያለው ስንጥቅ ቀድሞ የተገኘው በእጅ መጋዝ በቀላሉ ሊሠራ የሚችለው እርሱ ስለነበረ ነው። በአውሮፓ ብሎን ለረጅም ዘመን አንድ በአንድ በሞረድ ይሠራ ነበር፤ ጆብና ዊልያም ዋያት የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች የእንጨት ብሎንን በማሽን ለመሥራት የፈጠራ መብት ያገኙት በ1760 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን በራሱ ላይ የሚደረገው በመጋዝ የተሰነጠቀ አንድ መስመር ነበር። የስንጥቁ ችግር ካቻቪቴውን መሐል ላይ የሚያቆም ምንም ነገር አለመኖሩ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት በመሆናቸው ምላጩ ወደ ጎን ሸርተት ይልና የሚሠራውን እንጨት ወይም የሠራተኛውን እጅ ይጎዳል። በድሪል ሲነዳማ ጨርሶ አያስተማምንም። ይህ ሁሉ ጉድለት እያለበት ዛሬም ያልጠፋው ቀለም ወይም ቆሻሻ ሲሞላው በምላጭ ጠርጎ ማጽዳት ስለሚቻል፣ በኤሌክትሪክ ማያያዣዎችና በትንንሽ ማስተካከያ ብሎኖች ላይም ብዙ ኃይል ስለማያስፈልግ ነው።

ለውጡ የመጣው ፋብሪካዎች የብሎንን ራስ ቀዝቃዛ ሽቦን በኃይል በመምታት መቅረጽ በቻሉ ጊዜ ነው። በመጋዝ የማይሠራ ቅርጽ በቅርጽ ማውጫ ተመትቶ ሊሠራ ቻለ። ፒተር ሊምበርነር ሮበርትሰን የተባለ ካናዳዊ በሙያው የመሣሪያ ሻጭ ነበር፤ እንደሚነገረው በሞንትሪያል ለደንበኞች ሲያሳይ ካቻቪቴው ከስንጥቁ ሸሽቶ እጁን ስለቆረጠው የተሻለ ነገር ፍለጋ ገባ። በ1908 የፈጠረው መግቢያ አራት ማዕዘን ሲሆን ወደ ውስጥ ሲገቡ በጥቂቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ብሎኑ በመፍቻው ጫፍ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ በአንድ እጅ ብቻ መሥራት ይቻላል። ከዚያ በፊትም አራት ማዕዘን መግቢያ ያሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ የሮበርትሰን ብልሃት ብረቱ ሲመታ ራሱ እንዳይዳከም የሚያደርግ የመምቻ ቅርጽ ማግኘቱ ነው። በኦንታርዮ ግዛት በሚልተን ከተማ ፋብሪካ ከፈተ፤ በካናዳ የነበረው የፎርድ ተቋምም ሞዴል ቲ መኪናዎችን ሲሠራ ብሎኖቹን ተጠቅሞ የሥራ ሰዓት ቆጠበ። ፎርድ በአመራረቱ ላይ ሥልጣን እንዲኖረው ሲጠይቅ ግን ሮበርትሰን፣ ቀደም ሲል በእንግሊዝ ያደረገው የፈቃድ ስምምነት ስላልሠመረለት፣ እምቢ አለ። በዚህ ምክንያት ይህ ምርጥ መግቢያ ለብዙ ዘመን በአመዛኙ የካናዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። አንድ መሣሪያ ዓለምን እንዲያዳርስ የተሻለ መሆኑ ብቻ እንደማይበቃው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

ክፍተቱን የሞላው ሁላችንም የምናውቀው መስቀል ነው። ሄንሪ ፊሊፕስ የተባለ የአሜሪካ፣ የኦሪገን ግዛት ሰው የጆን ቶምሰንን የመጀመሪያ ሐሳብ ገዝቶ አሻሻለውና በ1936 የፈጠራ መብቶቹን አገኘ፤ ጄኔራል ሞተርስም ወዲያው በካዲላክ መኪናዎቹ ላይ ሞከረው። የፊሊፕስ መስቀል ዋና ጥቅሙ የካቻቪቴው ሹል ጫፍ ራሱ መሐሉን ፈልጎ መግባቱ ነው። በሰዓት ብዙ መኪና በሚያልፍበት የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ሠራተኛው እያንዳንዱን ስንጥቅ በዓይኑ ሲያስተካክል መቆም ስለማይችል ይህ እጅግ ትልቅ ነገር ነበር። ጉድለቱ ደግሞ የመስቀሉ ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ያዘነበሉ መሆናቸው ነው፤ ኃይሉ ሲበረታ ቢቱ በዘንበልታው ላይ ወደ ላይ ይወጣና ይሸሻል፣ በሸሸ ቁጥርም ጠርዙን ይበላዋል። ይህ የሆነው ብሎኑ ከልክ በላይ እንዳይጠብቅ ሆን ተብሎ ነው የሚል አባባል በሰፊው ይሰማል፤ የመጀመሪያዎቹ የፈጠራ ሰነዶች ትኩረት ግን መሐሉን በቀላሉ ማግኘትና በጥሩ ሁኔታ መግጠም ላይ ነበር። ለማንኛውም ዛሬ ድሪሎች የመጠምዘዝ ኃይላቸውን የሚገድብ ቀለበት ስላላቸው፣ የቢቱ መሸሽ የሚያስገኘው ጥቅም አለ ብዬ አላምንም።

ለእናንተ ሥራ ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ብዙ አናጢዎች ሳያስተውሉት ስለሚያልፉትም ጊዜ ወስጄ ልጻፍበት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፊሊፕስን ጉድለት ለማረም ፖዚድራይቭ የተባለው ሁለተኛ መስቀል ወጣ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ናቸው። በቅርብ ሲያዩት ግን በፖዚድራይቭ ብሎን ራስ ላይ በመስቀሉ አራት ክንዶች መካከል በ45 ዲግሪ የተሰመሩ አራት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ በቢቱም ላይ በትልልቆቹ ክንፎች መካከል ትንንሽ ጉብታዎች ይታያሉ። የክንዶቹ ግድግዳዎች ወደ ቀጥታ የተጠጉ ስለሆኑ ቢቱን ወደ ውጭ አይገፉትም። በቢቶች ላይ ፊሊፕሱ "ፒ ኤች"፣ ፖዚድራይቩ "ፒ ዜድ" በሚሉ የላቲን ፊደላትና በመጠን ቁጥር ይታተማል። ለችፑድ የሚሠሩ ብሎኖች በብዛት ፖዚድራይቭ ናቸው፤ የቁምሳጥን በር ባለ 35 ሚሊሜትር ጽዋ ማጠፊያ የሚታሰርባቸው 3.5 በ16 ሚሊሜትር ብሎኖችም እንዲሁ። ለጂፕሰም ቦርድ የሚሠሩት ጥቋቁር ብሎኖች ደግሞ ፊሊፕስ ናቸው። እርስዎ "ሁለት ዓይነት ባለ መስቀል" ያሉት እነዚህ ሁለቱ መሆናቸውን እገምታለሁ። የፊሊፕስ ቢት ወደ ፖዚድራይቭ ብሎን ይገባል፤ ነገር ግን ግድግዳዎቹን ሙሉ በሙሉ ስለማይነካ ይወላወላል፣ ሲበረታበትም ይሸሻል። የፖዚድራይቭ ቢት ደግሞ ትንንሾቹ ጉብታዎች ስለሚከለክሉት በፊሊፕስ ብሎን ውስጥ እስከ መጨረሻው አይወርድም። ውፍረታቸው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሜትር ለሆኑ የችፑድ ብሎኖች በአብዛኛው ቁጥር 2፣ ለ3 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ላሉት ቁጥር 1፣ ለ6 ሚሊሜትር ደግሞ ቁጥር 3 ይሆናል። ቢቱ ትክክለኛው መሆኑን ለማረጋገጥ ብሎኑን ቢቱ ላይ ሰክተው አግድም ይያዙት፤ ሳይወላወልና ሳይንጠለጠል ቀጥ ብሎ ከቆመ ተስማምቷል፣ ከወደቀ ወይም ከተንቀጠቀጠ ሌላ ቢት ይሞክሩ።

ባለ ስድስት ማዕዘኑ መግቢያ፣ ማለትም የኤል ቅርጽ መፍቻ የሚገባበት፣ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ዊልያም አለን በተባለ የሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት ሰው ስም የሚጠራው ይህ መግቢያ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1910 ነው። በዚያ ዘመን በፋብሪካዎች ውስጥ በቺንጊያ የሚሽከረከሩ ረጃጅም ዘንጎች ነበሩ፤ መዘውሩን ከዘንጉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ራሳቸው ወደ ውጭ ስለሚወጣ የሠራተኛን ልብስ ወይም እጅ ይዘው እየጠመዘዙ ከባድ አደጋ ያደርሱ ነበር። መግቢያው ውስጥ ለውስጥ ሲሆን ብሎኑ ጨርሶ ራስ ሳያስፈልገው ከብረቱ ገጽ በታች ተቀብሮ ይቀራል። የሰው እጅና ነፍስ ያተረፈ ቅርጽ በመሆኑ፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የብሎን ታሪኮች ይህ የበለጠ ሊነገር ይገባዋል። በእናንተ ሥራ የምታገኙት የችፑድ ሰሌዳዎችን በጎናቸው የሚያያይዘው ወፍራም፣ 7 ሚሊሜትር ብሎን በተለምዶ የ4 ሚሊሜትር የኤል መፍቻ ይወስዳል፤ ዕቃው በፋብሪካ ታሽጎ ደንበኛው ቤት ሲገጣጠም መፍቻው ርካሽ ስለሆነ በዚያው ካርቶን ውስጥ ሊላክ ይችላል።

የውጭው ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ ደግሞ የከባድ ኃይል ራስ ነው። መፍቻው ራሱን ከውጭ ስለሚይዘው ከማዕከሉ ርቆ ይገፋል፤ የመጠምዘዝ ኃይል ደግሞ ግፊቱ ከማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይጨምራል። ማዕዘኑ ለምን ስድስት ሆነ ቢሉ፣ አራት ማዕዘን ያለው ራስ መፍቻውን እንደገና ለመያዝ 90 ዲግሪ መዞር ይፈልጋል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ይህ አይገኝም። ባለ ስድስቱ በ60 ዲግሪ ይበቃዋል፤ አፉ 15 ዲግሪ አጋድሎ የተሠራ ክፍት መፍቻ ደግሞ እየተገለበጠ ሲያዝ 30 ዲግሪ ብቻ ይፈልጋል። ማዕዘኖቹን ወደ ስምንት ወይም ወደ አሥር ብናበዛቸው ጠርዞቹ እየደነዙ ስለሚሄዱ መፍቻው ተንሸራትቶ ይልጣቸዋል። በአዳማ ዙሪያ ኮረብቶች ላይ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች፣ በ2012 ሥራ የጀመረው የ51 ሜጋ ዋቱ አዳማ አንድና በ2015 የተመረቀው የ153 ሜጋ ዋቱ አዳማ ሁለት፣ ማማቸው ከብረት ሲሊንደሮች የተቀጣጠለ ነው። እንዲህ ያሉ ማማዎች የሚያያዙት በወፍራም ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ ብሎንና ዳዶ ሲሆን የሚጠብቁትም በሃይድሮሊክ መፍቻ ነው። ይህን ያህል ኃይል በመስቀል መግቢያ ማስተላለፍ የማይታሰብ ነው።

ኮከብ የመሰለው፣ ቶርክስ የሚባለው መግቢያ፣ በ1967 በአሜሪካ ካምካር ቴክስትሮን የተባለ ድርጅት ያወጣው ነው። በባለ ስድስት ማዕዘን ውስጥ መፍቻው የሚገፋው በማዕዘኖቹ ጫፍ ላይ በመሆኑ ከግፊቱ ብዙው ወደ ውጭ፣ ግድግዳውን ወደመሰንጠቅ ይሄዳል፤ በስሌት ሲታይ የግፊቱ መስመር 60 ዲግሪ ያፈነግጣል። በቶርክስ ስድስት ክብ ጉብታዎች ላይ ግን መዛነፉ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ኃይሉ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ማዞር ይሄዳል። ግድግዳዎቹም ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ቢቱ አይሸሽም፤ እየተጫኑ መግፋትም አያስፈልግም። ለዚህ ነው መኪና አምራቾች የወደዱት፤ አሁን አሁን ለረጃጅም የእንጨት ብሎኖችም በብዛት እየዋለ ያለውም ለዚሁ ነው። ምርጫው በእጄ ቢሆን ለአዲስ ወርክሾፕ የምመክረው እርሱን ነው። ሆኖም ጉድጓዱ በቀለም ወይም በሲሚንቶ ከተሞላ ማጽዳቱ ያስቸግራል፤ ቢቱም በመጠን ትክክለኛው ካልሆነ ጉብታዎቹን ይበላል።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ጥርጣሬ ልምጣ። ማንም እንዳይፈታቸው ወይም የተወሰነ ሰው ብቻ እንዲፈታቸው የተሠሩ ብሎኖች በእርግጥ አሉ። ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ብቻ የሚዞር፣ በመፍቻው አቅጣጫ ግን ምላጩ ተንሸራትቶ የሚወጣበት ስንጥቅ፣ እንዲሁም መሐሉ ላይ ትንሽ ዘንግ መሳይ ብረት የቆመበትና ተራው ቢት የማይገባበት ቶርክስ በመንገድ ምልክቶችና በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ዕቃዎች ላይ ይውላሉ፤ ይህ ሌብነትን ለመከላከል ነውና ተገቢ ነው። አፕል ግን ከ2009 ጀምሮ በአንዳንድ ኮምፒውተሮቹ፣ ቀጥሎም በአይፎን ላይ አምስት ጉብታ ያለው መግቢያ ተጠቅሟል፤ ያን ጊዜ ተስማሚውን ካቻቪቴ በተራ ሱቅ ማግኘት አይቻልም ነበር። ባለቤቱ የገዛውን ዕቃ እንዳይከፍት የሚያደርግ ቅርጽ ለሥራው ጥራት የሚጨምረው ነገር የለምና በዚህ ላይ ከባልደረባዎ ጋር ነኝ። በቁምሳጥን ብሎኖች ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም።

የተሻለው ከታወቀ ሁሉም ለምን ወደ እርሱ አይዞርም ለሚለው፣ መልሱ በፋብሪካዎች ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ መምቻ፣ የራሱ መለኪያ፣ የራሱ ቢት አለው፤ በዓለም ዙሪያም ያሉት ፋብሪካዎች፣ ጋራዦችና ቤቶች የያዙትን መሣሪያ ጥለው አዲስ አይገዙም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እንኳ አንዱን መርጦ ሌላውን ከመጣል ይልቅ ሁለቱንም መስቀሎች በአንድ ሰነድ፣ በአይሶ 4757፣ ኮከቡን ደግሞ በአይሶ 10664 መዝግቧቸዋል። ለእናንተ የሚጠቅመው፣ ብሎን ስትገዙ በተቻለ መጠን ለአንድ ዓይነት ሥራ አንድ ዓይነት መግቢያ መምረጥ፣ ከብሎኑ ጋር ጥሩ ብረት ያለው ቢት መግዛትና ጫፉ የደነዘዘውን ቢት ሳያቅማሙ መጣል ነው። አንድ የደነዘዘ ቢት ራሱን ብቻ አያጠፋም፤ የሚነካውን ብሎን ሁሉ ራስ ይበላል፣ ያ ብሎን ሲፈታ ደግሞ ችፑዱ አብሮ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በዚያው በአዳማ የሞተር ብስክሌት ጥገና የምማር ወጣት ነኝ። በቆዩ የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች የሞተር ክዳን ላይ ያሉትን ባለ መስቀል ብሎኖች ስፈታ በተደጋጋሚ ራሳቸው ይበላል። ብሎኖቹ ጥራት የላቸውምን?
ተለማማጅ መካኒክ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፤ ብሎኖቹ ደህና ናቸው፤ ካቻቪቴህ ነው ያልተስማማቸው። ጃፓን ለረጅም ጊዜ ባለ መስቀል ብሎኖቿን የሠራችው በራሷ ደረጃ፣ በተለምዶ "ጂስ" በሚባለው ሥርዓት ነው። መስቀሉ ከፊሊፕስ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የፊሊፕስ ካቻቪቴ እስከ መጨረሻው ስለማይወርድበት በላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ይይዝና ይሸሻል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ብሎን በራሱ ላይ ከመስቀሉ ጎን አንዲት ትንሽ ነጥብ አለችው። የጂስ ካቻቪቴ ብታገኝ በጂሱም በፊሊፕሱም ብሎን ላይ በደንብ ይሠራልሃል።

ሁለተኛው ምክንያት የብረቱ ብሎን በአልሙኒየም ውስጥ ለዓመታት ሲቆይ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት እርስ በርስ ተበላልተው መጣበቃቸው ነው። ዝገት የሚያለቅቅ ዘይት ረጭተህ ጥቂት ጊዜ ስጠው፤ ከዚያ በመዶሻ ሲመታ ወደ ውስጥ እየተጫነ በዚያው ቅጽበት የሚዞረውን የምት ካቻቪቴ ተጠቀም፤ ምቱ የተጣበቀውን ያነቃንቀዋል፣ ጫናውም ቢቱ እንዳይሸሽ ያደርገዋል። ራሱ የተበላውን ብሎን ስትተካ በኤል መፍቻ የሚፈታ ባለ ስድስት ማዕዘን መግቢያ ያለውን መግዛት ትችላለህ። በእነዚህ ክዳኖች ላይ የተለመደው የ6 ሚሊሜትር ውፍረትና የ1 ሚሊሜትር የጥርስ እርምጃ ያለው ብሎን ነው፤ እርሱም የ5 ሚሊሜትር መፍቻ ይወስዳል። ኃይሉ የበለጠ ስለሚተላለፍበት ግን የአልሙኒየሙን ጥርስ በቀላሉ ልትልጥ ስለምትችል በማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ከ10 ኒውተን ሜትር ገደማ አትለፍ። ከመግዛትህም በፊት የእያንዳንዱን ቀዳዳ አሮጌ ብሎን ርዝመት ለክተህ ጻፍ፤ በአንድ ክዳን ላይ ያሉት ብሎኖች ርዝመት አንድ አይደለም፣ ከልክ ያለፈ ርዝመት ያለው ብሎን በተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ ሲጠብቅ የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል።